የድረ ገጽ ቀለበት አሞሌ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ስለ ሐረር ስፌት የምጽፍበት አነስተኛ ድረ ገጽ አለኝ። በቅርቡ የእጅ ሥራ ድረ ገጾች ቀለበት (በማገናኛ እርስ በርስ የተያያዙ ድረ ገጾች ስብስብ) አባል ስሆን፣ «ቀዳሚ»፣ «ቀጣይ» እና «በዘፈቀደ» የሚሉ ማገናኛዎች ያሉበትን አሞሌ ከገጼ ግርጌ እንዳኖር ተነገረኝ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ድረ ገጽ ቢዘጋ ሰንሰለቱ እኔ ላይ አይበጠስም ወይ?
አንባቢ፣ ከሐረር

መልስ፦ ከሸዋ በር ተነሥቶ በቡዳ፣ በሰንጋ፣ በኤረርና በፈላና በሮች የጀጎልን ግንብ የዞረ ሰው ተመልሶ ሸዋ በር እንደሚደርስ ሁሉ፣ «ቀጣይ»ን ደጋግሞ የሚጫን ጎብኚም አባላቱን አዳርሶ ወደ እርስዎ ገጽ ይመለሳል። በብዙ ቀለበቶች አሞሌው የጎረቤትዎን አድራሻ አይዝም፤ የሚይዘው የቀለበቱን ማዕከላዊ አገልጋይ (ሰርቨር) አድራሻና የእርስዎን የአባልነት መለያ ነው። ጎብኚው ማገናኛውን ሲጫን አገልጋዩ መለያዎን ከአባላት ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ፣ ከእርስዎ ቀጥሎ የሰፈረውን አድራሻ ያገኝና ጎብኚውን ወዲያውኑ ወደዚያ ያሻግረዋል። ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ ሲዘጋ አስተዳዳሪው ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል እንጂ እርስዎ አሞሌዎን መንካት አያስፈልግዎትም። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሴጅ ዌይል በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ዌብሪንግ የተባለው የድረ ገጽ ቀለበቶች አገልግሎትም በማዕከላዊ አገልጋይ የሚመራ ነበር።

ይህ አሠራር የራሱ ድክመት አለው፤ አገልጋዩ ከቆመ የሁሉም አባላት አሞሌ አብሮ ይቆማል። የጎረቤት አድራሻ በቀጥታ የሚጻፍበት ቀለበት ከዚህ ስጋት ነፃ ቢሆንም፣ እርስዎ የፈሩት መበጠስ የሚያጋጥመው እዚያ ነው። በእኔ አመለካከት የመጀመሪያው ይሻላል። የአሞሌውን ኮድ ከሌላ አባል ገጽ ከገለበጡ ግን መለያውን በራስዎ መተካት አይርሱ፤ አለዚያ ጎብኚው ከእርስዎ ሳይሆን ከዚያ አባል ቀጥሎ ወዳለው ገጽ ይሄዳል።