ዊንዶውሱ ሳይነካ ኡቡንቱ መጫን ይቻላል?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 11 አለ። ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሏል፤ ዲ ላይ የዓመታት ፎቶ ተቆልሏል። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጎን ለጎን መጫን ፈልጌ ዲ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይቻላል፣ መፍራትህም ደግ ነው። መጀመሪያ ፎቶዎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። እዚያው ዲ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ባክአፕ አይባልም! ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ምስጠራ) ከበራ አጥፋውና መቆለፊያውን ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቅ፤ ፋስት ስታርትአፕንም (ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን) አጥፋ።

ቦታውን ከዊንዶውስ ውስጥ ሆነህ ቀንስ። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈት፣ ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና "ሽሪንክ ቮልዩም" በል። መጠኑን የሚጠይቅህ በሜጋባይት ስለሆነ ለ50 ጊጋባይት 51200 ብለህ ትጽፋለህ። የተለቀቀው ቦታ ከላዩ ጥቁር መስመር ይዞ ይታያል፤ እንዲሁ ተወው፣ ፎርማት እንዳታደርገው።

አሁን የኡቡንቱ መጫኛ ካለበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሳ። "ኢሬዝ ዲስክ" የሚለውን አደራ እንዳትነካ፣ ሲንም ዲንም ጠራርጎ ነው የሚሄደው። በእጅ መከፋፈያውን ምረጥና ባዶው ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ፍጠር፤ ዓይነቱ ኤክስት 4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም)፣ ማውንት ፖይንቱ "/" (የኡቡንቱ ዋናው ቦታ) ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢኤፍአይ የምትባለው ትንሿ ፓርቲሽን ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነች እዚህ ግባ የምትባል አትመስልም፣ ግን ዊንዶውስ የሚነሳው በእሷ ነው። ኡቡንቱም እሷኑ ይጋራ፤ ፎርማት የሚለው ሳጥን ላይ ግን ምልክት እንዳይኖር።

በመጨረሻ የሚቀየሩትን ፓርቲሽኖች ዘርዝሮ ያሳይሃል። ዲ ፎርማት ይደረጋል የሚል ካየህ ወደኋላ ተመለስ፣ እስከዚያ ድረስ ምንም አልተነካም።