17-4 ፒኤችህ አልጠነክር ካለ ሌዘሩን ተወው

ወዳጄ፣ «በሌዘር ያተምኩት 17-4 ፒኤች በ482 ዲግሪ አንድ ሰዓት ኤጂንግ ተደርጎለትም ሮክዌል ሲ 40 አልደርስ አለኝ፤ ፓወር ልጨምር?» ብለሃል። (17-4 ፒኤች በሙቀት የሚጠነክር አይዝጌ ብረት ነው፤ ሕትመቱ ዱቄቱን በሌዘር እያቀለጡ ዕቃ መሥራት፣ ኤጂንግ ለማጠንከር ምድጃ ውስጥ ማቆየት፣ ሮክዌል ሲ ደግሞ የጥንካሬ መለኪያ ነው። ዲግሪው ሁሉ ሴልሺየስ ነው።) አትጨምር። እኔም በዚሁ ጉድ ነው የከሰርኩት።

1. ማግኔት አምጣና ቁራጩ ላይ ለጥፈው። ማርተንሳይት (ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ጠንካራው የብረት አወቃቀር) የሆነ 17-4 ማግኔትን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የኔው ላይ ማግኔቱ እየለገመ ተንሸራቶ ወደቀ። ብዙው ክፍል ኦስተናይት (ማግኔት የማይስበው ለስላሳው አወቃቀር) እንደሆነ ቀርቷል ማለት ነው። የሚያጠነክሩት የመዳብ ቅንጣቶች የሚወጡት ማርተንሳይቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ኦስተናይቱን 482 ላይ ብትጋግረው ለውጥ የለውም።

2. ዱቄቱ ሲሠራ የቀለጠው ብረት በምን ጋዝ እንደተረጨ ጠይቅ። በናይትሮጅን ከሆነ ጋዙ ብረቱ ውስጥ ይቀርና ኦስተናይቱን እንዳይለወጥ ይይዘዋል። ሻጩ የሰጠኝ ሰርተፍኬት ላይ ክሮሙም ኒኬሉም መዳቡም አለ፤ ናይትሮጅን የሚል መስመር ግን የለም። ደውዬ ስጠይቅ «ማንም ጠይቆን አያውቅም» አሉኝ፣ ያውም በተሰላቸ ድምፅ።

3. ሂት ትሪትመንቱ (በሙቀት ማጠንከሩ)። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ትዕዛዜ ላይ በግልጽ ጽፌያለሁ፦ መጀመሪያ 1040 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት (ሶሉሽን የሚሉት)፣ ከዚያ ከ32 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ማቀዝቀዝ፣ ኤጂንጉ በመጨረሻ። የሂት ትሪትመንት ቤቱ ኃላፊ የመጀመሪያውን ደረጃ በእስክሪብቶ ሰረዘው። «ይሄ ብረት ሶሉሽን ተደርጎለት ነው የሚመጣው፤ ሥራችንን አታስተምረን» አለኝ። ለባር (ከፋብሪካ ለሚመጣ ዘንግ ብረት) ልክ ነው። ከማተሚያ የወጣ ዕቃ ግን ባር አይደለም፣ ማንም ሶሉሽን አላደረገለትም! ዕቃው በሙሉ ለስላሳ ሆኖ ተመለሰ። ሂሳቡ ግን አልቀነሰም።

ሌላ ቤት ወስጄ እንደጻፍኩት አሠራሁት። ማግኔቱ ጥርቅ አለ፣ ሮክዌሉም 42 መጣ። ያ ኃላፊ ቢያየው ደስ ባለኝ። አንተ ጋ ናይትሮጅኑ በዝቶ 1040 ካልበቃ፣ ቀድመህ 1150 ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አቆየው። ሕትመቱ አንድ ቦታ ያከማቸውን ንጥረ ነገር ይበትነዋል።

ደግሞ የመጎተት ፈተናው ላይ ዕቃው ብዙ ተለጠጠ ብሎ አለቃህ ቢደሰት አብረኸው አትደሰት። ኦስተናይቱ ሲጎተት ወደ ማርተንሳይት እየተለወጠ ስለሚሄድ መለጠጡን ያሳምረዋል። ማየት ያለብህ መጀመሪያ እጅ የሰጠበትን (ተመልሶ እንዳይስተካከል መለጠጥ የጀመረበትን) ጭነት ነው፣ እሱ ወርዶ ታገኘዋለህ።

ለሚቀጥለው ሕትመት አንድ ትንሽ ኪዩብ አብረህ አትም። ዕቃው ምድጃ ሳይገባ እሱን ቆርጠህ ማግኔትና ሮክዌል አስነካው። ሰርተፍኬቱንም እዚህ ለጥፈው፣ እናየዋለን።