የሻፍት ሸካራ ገጽና የዘይት ሲል የሚቀድ ጠርዝ

ከአጋሮ የጻፉልኝ ጠያቂ፣ ለቡና መፈልፈያ ማሽን የሚሆን 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የለስላሳ ብረት ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) በቶርኖ፣ ማለትም ብረቱን እያሽከረከረ በሚያስቆርጥ ማሽን፣ ሲሠሩ ገጹ ተቦጫጭሮ እንደሚወጣና በኪው ቦይ (የማያያዣ ብረት ቁራጭ በሚገባበት ጎድጓዳ መስመር) ጠርዝ ላይ የሚቀረው ስለታም ብረት የዘይት ሲሉን (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ቀለበት) እየቀደደ እንዳስቸገራቸው ገልጸዋል። የሚሠሩት በካርባይድ (እጅግ ጠንካራ ቁስ) መቁረጫ፣ በደቂቃ 250 ዙር፣ በአንድ ዙር 0.2 ሚሊ ሜትር ጉዞ ነው፤ በመጨረሻው ቅርፊት (በማጠናቀቂያው ዙር) የሚያነሱት ደግሞ 0.05 ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመቁረጫውን ጫፍ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። የሚያብረቀርቅ የብረት እብጠት ተለጥፎበት ካገኙ ጥፋተኛው ፍጥነቱ ነው። ይህ ሻፍት በ250 ዙር ሲሽከረከር የመቁረጥ ፍጥነቱ በደቂቃ 31 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ለሃይስፒድ (ከካርባይድ ቀርፎ ለሚቆርጥ የብረት መቁረጫ) ቢስማማም ለካርባይድ እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ለስላሳው ብረት ጫፉ ላይ እየተለጠፈ፣ መልሶም እየተገነጠለ ገጹን ይቦጭረዋል። ሻፍቱ በሁለተኛው ጫፉ በሴንተር (በሾጣጣ መደገፊያ) የተደገፈ ከሆነና ማሽኑ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ 1000 ዙር ያሳድጉት። በጅማ እንደማያቸው ብዙ አሮጌ ቶርኖዎች የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ባለበት ዙር፣ በሚገባ በተሳለ ሃይስፒድና በመቁረጫ ዘይት መሥራቱን እመርጣለሁ።

የመቁረጫው ጫፍ ክብነት 0.4 ከሆነ በ0.2 ጉዞ የሚቀረው የመስመር ጥልቀት 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ያህል ሲሆን፣ ጉዞውን ወደ 0.1 ሲያወርዱት ወደ 3 ማይክሮን ይቀንሳል። 0.05 ማንሳት ግን ቁጠባ ይመስላል እንጂ ጫፉ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ እየዳጠ እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ ለመጨረሻው ቅርፊት በአንድ ጎን 0.3 ገደማ ያስተርፉ።

ስለታሙ ጠርዝ የሚፈጠረው መቁረጫው ከብረቱ ሲወጣ የመጨረሻው ስስ ክፍል ከመቆረጥ ይልቅ ስለሚታጠፍ ነው። የደነዘ ፍሬዛ (ቦዩን የሚቆርጠው ተሽከርካሪ መቁረጫ) ይህን ያባብሰዋል። ቦዩን በተሳለ ፍሬዛ ቆርጠው፣ ጠርዙን በጥሩ ሞረድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይስበሩት፤ ከዚያም ጥፍርዎን ሳይሆን ጥጥ ጎትተው ይፈትኑት፣ ክር ከያዘ ገና አልተጠናቀቀም።

ሲሉ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ወደ ጎን እየጎተቱ አይሹ፤ የሚተወው ጠመዝማዛ ጭረት እንደ ቡሎን ጥርስ ዘይቱን እየገፋ ያወጣዋል። ሲሉን ሲያስገቡ ደግሞ ቦዩን በስስ ፕላስቲክ ሸፍነው፣ ከንፈሩን ዘይት ቀብተው ያሳልፉት።