ሕልሙንም ጠይቁ

ልጆቼ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ጤና ጣቢያዎች የኤ አር ቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ክፍል ውስጥ ሥራ ለምትጀምሩ ፋርማሲስቶችና ነርሶች ነው የምጽፈው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም በነጻ መሰጠት ሲጀምር የሁላችንም ጭንቀት ሰውን ከሞት ማትረፍ ነበር። ዛሬ ለቀጠሮ የሚመጣው ሰው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ይድራል። ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ተመርምሮ ቫይረሱ አይታይም ሲባል እናንተም ደስ ብሏችሁ የወራት ክኒኑን ሰጥታችሁ ትሸኙታላችሁ። ደስታው ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን ከክንዱ የተቀዳው ደም ውጤት ነው። ስለ አንጎሉ የሚነግራችሁ ራሱ ሰውዬው ነው፣ ያውም ከጠየቃችሁት።

ቫይረሱ አንጎል የሚገባው በሽታው ሲጠና ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በተያዘ በሳምንታት ውስጥ፣ በአንዳንዱ ሰው በቀናት፣ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ተሸሽጎ ይሻገራል፤ ከዚያም ማይክሮግሊያ በሚባሉት የአንጎል ተከላካይ ሴሎች ውስጥ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ግን ተሸሽጎ የሚሻገርበት መንገድ የለውም። አንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው በጣም ጥብቅ ነው፤ ሴሎቹ በመካከላቸው ክፍተት ሳይተዉ ተጋጥመዋል። ስብ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት በሴሎቹ ገላ ውስጥ አልፎ ሊገባ ይችላል። እሱንም ቢሆን ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን እየተቀበለ ወደ ደም ይመልሰዋል፤ ሎፒናቪርን የመሰሉት መድኃኒቶች ከሚመለሱት ውስጥ ናቸው። ደግሞም ከደም ፕሮቲን ጋር የተጣበቀው መድኃኒት አይሻገርም፤ የሚሻገረው ነጻ ሆኖ የቀረው ነው። ኢፋቪሬንዝ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ99 በመቶ በላይ የተጣበቀ ነው።

ግድግዳውን ካለፈ በኋላ ያለው ጉዞ አጭር ነው። እያንዳንዱ የአንጎል ሴል ማለት ይቻላል አጠገቡ የደም ሥር አለው፤ ርቀቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ሴሉ ውስጥ መግባት አለበት፣ ቫይረሱ ያለው እዚያ ነውና። እንደ ዚዶቩዲን ያለው መድኃኒት ደግሞ ሴሉ ውስጥ ገብቶ እንኳ ፎስፌት ካልተጨመረለት ሥራውን አይጀምርም።

እንዴት ይለካል ትሉኝ ይሆናል። ከሕያው ሰው አንጎል ለዚህ ብሎ ማንም አይቆርስም፤ ስለዚህ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የከበበው፣ ከወገብ በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ ይመረመራል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አባቶቻችን ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይላሉ፤ ፈሳሹና የአንጎሉ ሥጋም እንደዚያው ናቸው፣ ጎን ለጎን ሆነው የመድኃኒቱ መጠን ይለያያል። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቁጥር ብታዩ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ደም ውስጥ ካለው አንድ በመቶ አይሞላም። አትደንግጡ። ፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ እዚያ የደረሰው መድኃኒት አብዛኛው ነጻ ነው፤ ቫይረሱን ለመግታት ከሚያስፈልገው መጠንም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪው ስኮት ሌተንድሬና ባልደረቦቹ መድኃኒቶቹን ወደ አንጎል በመድረስ ዐቅማቸው ነጥብ ሰጧቸው። ዚዶቩዲን ከፍ አለ፣ ቴኖፎቪር ዝቅ አለ። ይህን የምታነቡ ወጣቶች ለሁሉም ባለ ከፍተኛ ነጥቡን እንስጥ ማለት ያምራችኋል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ግን አልተስማሙም፤ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር የታካሚው ማስታወስና ማሰብ አብሮ አልተሻሻለም። ዚዶቩዲን ደም ማነስ ያመጣል። አንጎል ውስጥ የሚደርስ መድኃኒትም አንጎሉን ራሱን ሊያውክ ይችላል፤ ይህን እንደ ኢፋቪሬንዝ ያሳየኝ የለም።

ለዓመታት 600 ሚሊግራሙን ማታ ሲተኙ ዋጡት እያልን ሰጥተናል። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ አንድ ጎልማሳ ሌሊት ሌሊት የሞቱ ዘመዶቹ እየመጡ ያናግሩት ጀመር። እርኩስ መንፈስ ነው ተባለና ክኒኑን ትቶ አንዳሳ ጊዮርጊስ ጸበል ገባ። ጸበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ ምእመናንን መክረዋል። ሰውዬው ሲመለስ እንቅልፍህ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቀው ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ኢፋቪሬንዝን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይም በተፈጥሮው የዘገየባቸው ሰዎች በአፍሪካ ጥቂት አይደሉም፤ እነሱ ጋ መድኃኒቱ እየተከማቸ ቅዠቱና ማዞሩ ይበረታል። ቅባት የበዛበት የበዓል ዶሮ ወጥ በልተው ሲውጡት ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ይጨምራል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረለት፤ ጸበሉንም አልተወም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሉቴግራቪርን ተመራጭ ካደረገ ወዲህ እንዲህ ያለው ስሞታ ቀንሷል። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ዶሉቴግራቪርም አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሳል፤ ጠዋት እንዲወስደው መንገር ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከዚያ በፊት ግን ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅም እንደሆነ ጠይቁት፣ በኛ ከተማ ይህን ሳይጠይቁ መድኃኒቱን መውቀስ ልክ አይደለም።

አጥብቄ የምለምናችሁ ስለሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ከሌላ ክፍል ነው የሚቀበለው፤ በእናንተ መዝገብ ላይ አታገኙትም። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበቱን አነቃቅተው ዶሉቴግራቪር ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋሉ። ደሙ ውስጥ ሲያንስ ግድግዳውን የሚሻገረውም ያንሳል። በየቀጠሮው ሌላ ምን ትወስዳለህ በሉት፣ ካለም በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ታካሚው በራሱ አንዱንም እንዳያቋርጥ አስጠንቅቁት።

ነገር እየረሳሁ ነው፣ እጄ ዘገየብኝ የሚላችሁን እርጅና ነው ብላችሁ አትመልሱት። አጭር መመዘኛ አለ፣ ዩጋንዳ ውስጥም ተሞክሯል። አራት ቃል ትነግሩታላችሁ፤ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ለ5 ሰከንድ በፍጥነት ያጋጫል፤ ሦስት የእጅ አቀማመጦችን ለ10 ሰከንድ እያፈራረቀ ያሳያል፤ በመጨረሻ ቃላቱን ያስታውሳል። ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም። ጠቅላላው ነጥብ 12 ነው፤ 10 ወይም ከዚያ በታች ያመጣውን፣ ራስ ምታትና ትኩሳት ያለበትን ደግሞ ነጥቡንም ሳትጠብቁ፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ላኩት። በመላኪያው ወረቀት ላይ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ እንቅልፉንም ሕልሙንም ጻፉበት።