ዕቃ እየሸከፍኩ ሹራብ መሥራቴ ይጎዳኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ48 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከረጅም የኪራይ ኑሮ በኋላ ወደ ኮንዶሚኒየማችን ልንገባ ዕቃ እየሸከፍን ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀን ቀን ከቀለም ቀቢና ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ስነታረክ እውላለሁ። ማታ ለልጅ ልጄ የጀመርኩትን ሹራብ ይዤ ቁጭ ካላልኩ ግን ጭንቅላቴ አያርፍም። ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ዕቃ ተዝረክርኮ አንቺ ክር ይዘሽ ትቀመጫለሽ?» ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ቀኝ እጄ ሌሊት እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል። አውራ ጣቴን፣ ጠቋሚዬንና የመሃል ጣቴን ይነዝረኛል። ሳራግፈው ይሻለኛል። እናቴ ስኳር ነበረባት። ሹራቡን ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለገዛ ቤትዎ አበቃዎት። ሹራቡን አይተዉት። አሠራሩን ግን ትንሽ እናስተካክለዋለን።

ቤት መቀየር ደስታም ቢሆን ሰውነትን ያስጨንቃል። ቀለም ቀቢው ይቀራል፣ መኪናው ይዘገያል፣ አከራይ ቁልፍ ይጠይቃል። አብዛኛው ነገር በእርስዎ እጅ አይደለም። ሰውነት በዚህ ጊዜ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይረጫል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እንቅልፍም ይሸሻል። ሹራብ ሲሠሩ ሁለቱም እጅ በአንድ ዓይነት ምት ይንቀሳቀሳል፣ ሐሳብም ቆጠራው ላይ ይሆናል። ለጭንቀቱ የሚተርፍ ቦታ ያንሳል፣ ትንፋሽም ረጋ ይላል። ደግሞም ከቀኑ ውሎ እርስዎ ባሉት መንገድ የሚሄደው ይኸው ሥራ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት የበለጠ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። የተጠየቁት ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሹራብ ጭንቀትን ያክማል ብዬ ከዚህ ተነሥቼ አልደመድምም። እርስዎን እያሳረፈዎት መሆኑን ግን አምናለሁ።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። በብዙ ቤታችን ሴት ቁጭ ካለች ሥራ እንደፈታች ይቆጠራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ሰው ማታ ግማሽ ሰዓት ቢያርፍ የሚጓደል ሥራ የለም።

አሁን ወደ እጅዎ ልምጣ፤ የበለጠ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የነገሩኝ ምልክት ካርፓል ተነል ሲንድሮም ከሚባለው ችግር ጋር በጣም ይመሳሰላል። እጅ አንጓ ላይ በአጥንትና በጠንካራ ጅማት የተከበበ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በውስጡ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። አካባቢው ሲያብጥ ነርቩ ይጨፈለቃል። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ናቸው። ትንሿ ጣት አትነካም። ተኝተን አንጓችን ሲታጠፍ ግፊቱ ስለሚጨምር ሌሊት ይብሳል።

ጥፋቱን ሁሉ ሹራቡ ላይ አልጥልም። ካርቶን በገመድ አንጠልጥሎ ደረጃ መውጣት፣ ወለል መፈተግ፣ ፕላስተር መሳብ ሁሉም አንጓን ያደክማል። ስለዚህ ካርቶኑን አነስ አድርገው ይሙሉት፤ በጣት ከማንጠልጠል በሁለት ክንድ አቅፈው ይያዙት። ቡፌውንና ፍሪጁን ለጫኝና አውራጅ ይተዉ። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ እነሱን መሸከም የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ሹራቡን በአንድ ቁጭታ ከ20 ደቂቃ አያስበልጡት። ከዚያ እጅዎን ዘርግተው ያሳርፉ። ክርኖችዎ ሥር ትራስ ያድርጉ፣ አንጓዎ ቀጥ ይበል። ክሩን አያጥብቁት። ወፈር ያለ መርፌና ለስላሳ ክር ይሻላል። ሌሊት ደግሞ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ከፋርማሲ ገዝተው አስረው ይተኙ። ብዙዎች በጥቂት ሳምንታት ይሻላቸዋል። በ6 ሳምንት ካልተሻለዎት ሐኪም ይይዎት። ስኒ ከእጅዎ የሚወድቅ ወይም አውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ የሚሳሳ ከሆነ ግን አይጠብቁ። ድንዛዜው በድንገት ከአፍ መጣመም ወይም ከንግግር መተሳሰር ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስኳርና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ሆርሞን ማነስም ይህን ችግር ያመጣሉ። የእናትዎን ሕመም ስለነገሩኝ፣ ምርመራውን ቤት እስክትገቡ አያቆዩት። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ጠዋት ደም ይስጡ። የስኳሩ ውጤት ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ወደ ስኳር እያዘነበለ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገምና ሐኪምዎ ሕክምናውን ይወስናል። የታይሮይዱንም በዚያው ደም አብረው ያስመርምሩ።