ስለ ጥንታዊ የሰይፍ ሳንጃዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ የሰይፍ ሳንጃ ከሌላው ሳንጃ በምን ይለያል?

መልስ፦ እጀታና ረጅም ስለት ስላለው ከጠመንጃው ሲነቀል በእጅ ይዘው የሚዋጉበት መሣሪያ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ሳንጃ በአፈሙዙ ላይ በቱቦ የሚጠልቅ ሾጣጣ ብረት ነበር። ቤከር የተባለውን ጠመንጃ የታጠቁት የእንግሊዝ ተኳሾች ሳንጃቸውን «ሰይፍ» ብለው ይጠሩት ነበር።

ጥያቄ፦ የፈረንሳዩ የ1866 ሞዴል ሳንጃ ስለቱ የተጠማዘዘው ለጌጥ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቅርጹ የተወሰደው ያታጋን ከሚባለው የቱርኮች ሰይፍ ሲሆን፣ ጠመንጃ በአፈሙዙ በኩል በሚጎርስበት ዘመን ስለቱ ከአፈሙዙ ሸሸት ስለሚል፣ ወታደሩ ባሩዱንና ጥይቱን በዘንግ ሲጠቀጥቅ እጁን ከመቆረጥ ያድነው ነበር። ይህ ሳንጃ የተሠራለት ሻስፖ ግን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ስለነበር፣ ቅርጹ ከቀድሞዎቹ የተወረሰ ነው።

ጥያቄ፦ በጀርባው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ እንዴት ላንብበው?

መልስ፦ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። የስለቱን ጀርባ ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለው ቀስ እያሉ ሲያዞሩት፣ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት መሳይ ፊደል የተቀረጸ አንድ መስመር ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ የፋብሪካው ስም፣ ለምሳሌ ሴንት ኤትየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል፣ ቀጥሎም የተሠራበት ወርና ዓመት ይነበባል። ከዚያም በእጀታው አግዳሚ ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር ከአፎቱ ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ከገጠሙ ሁለቱ ከመነሻው አብረው የኖሩ ናቸውና እንዲህ ያለውን ጥንድ ከሚያብረቀርቅ ብቸኛ ስለት አስበልጣለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1870–71ቱ የፈረንሳይና የጀርመን ጦርነት በኋላ የተማረኩት ደግሞ የጀርመን ምልክት ተመትቶባቸው ይገኛሉ፤ ይህም የዕቃው ታሪክ አካል እንጂ ጉድለት አይደለም። ግራ (Gras) የተባለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ ሳንጃም በዚሁ መንገድ ይነበባል፤ ስለቱ ግን ቀጥ ያለና 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። እኛ «ውጅግራ» የምንለው ስም የመጣው ከዚሁ ጠመንጃ የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ቆልማማ አግዳሚ የሆነ የ1907 የእንግሊዝ ሳንጃ እንድገዛ ቀርቦልኛል፤ ልመነው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ቆልማማው በ1913 እንዲቀር ተወስኖ ከብዙዎቹም ላይ ስለተቆረጠ፣ የተረፉት ተፈላጊ ሆነዋል፤ በዚህም ምክንያት በብየዳ የሚቀጥሉ አስመሳዮች አሉ። ቆልማማው ከአግዳሚው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በማጉያ መነጽር ይመርምሩ፤ የብረቱ ቀለም እዚያ ላይ ከተለወጠ ወይም የሞረድ ጭረት ከታየ ይተዉት። በስለቱ ሥር የተመታው ቀን 1917ን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ቆልማማው በኋላ የተጨመረ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ የናስ እጀታውን ላብርቀው?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። በዘመናት የጠቆረው ገጽ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ጥቃቅኖቹ ምልክቶችም አብረው ይጠፋሉ። ቀይ ዝገት ካለበት ጥቂት ቀጭን ዘይት ቀብተው በለስላሳ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉ። አፎቱ ከቆዳ የተሠራ ከሆነ ስለቱን ከውስጡ አውጥተው ለየብቻ ያስቀምጡ፤ ቆዳው እርጥበት ከመያዙም በላይ የተለፋበት አሲድ ብረቱን ይበላል፣ ናሱንም አረንጓዴ ያደርገዋል።