ዳገቱ አያሳስብሽ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዘንድሮ ለመስከረም 21 እናቴን ግሸን ማርያም ላደርሳት ቃል ገብቻለሁ። መኪናዬ ትንሽ ኦቶማቲክ ናት፤ ከአስፋልት ወርዳ አታውቅም። የጠጠሩን ዳገት ትወጣዋለች? መሀል ላይ ብትቆምብኝስ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቀስ ካልሽ ትወጣለች። እኔ እስላም ነኝ፤ ግን የግሸንን ተሳላሚ ስንት ዓመት በአውቶብስ አመላልሻለሁ። ወሎ አይደል!

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ዳገቱን ነው። ዳገት ላይ ቢበዛ መኪናሽ ታለከልካለች። በሽታ እንዳይመስልሽ። 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም እንደኛው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሙቀቷ ከጨመረ ኤሲውን አጥፊና ዳር ይዘሽ አሳርፊያት። የራዲያተሩን ክዳን ግን በትኩሱ እንዳትነኪው፣ ፊትሽ ላይ ነው የሚገነፍለው።

እኔን የሚያስፈራኝ መመለሻው ነው። አንድ ዓመት ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ፣ ፍሬን እየረገጥኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከኋላ አንዲት እናት «ማነው ፀጉር ያቃጠለው?» አሉ። የፍሬን ሸራው ነበር። ቀጥሎ ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ማርሽ ቀንሼ፣ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቼ እንደምንም አቆምኳት። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ታኮ አደረገ። ጎማው ላይ ውሃ ሊደፋ ሲል ጮህኩበት፤ የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል። አንድ ሰዓት ያህል ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። እኚያ እናት ግን እስክንገባ ድረስ «ፀጉር ነው» እንዳሉ ቀሩ።

አንቺም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን «ኤል» ላይ፣ ማለትም ዝቅተኛው ማርሽ ላይ፣ አድርጊው። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ፣ እሱ ነው የሚይዝልሽ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ ልቀቂው እንጂ እግርሽን ጭነሽበት አትውረጂ። ነዳጅ ልቆጥብ ብለሽ ማርሽ አውጥተሽ መልቀቅማ ጨርሶ እንዳይታሰብ።

መስከረም ላይ የገደሉ ዳር ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ጠንካራ ይመስላል፣ ግን አይታመንም። ስትተላለፊ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመሽ ለሚወጣው አሳልፊ። ኩርባ ላይ ጡሩምባ ንፊ። ጉም ከወረደ አጭር መብራት ብቻ፤ ረጅሙ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆንብሽ።

የዕቃ መጫኛሽ ውስጥ ስኮርት ጎማና ክሪክ መኖሩን ደግሞ እዚያው ኮምቦልቻ እያለሽ እዪ። ታኮ ካደረግሽም ስትነሺ ድንጋዩን ከመንገዱ አውጪው። ስንቱ ሾፌር ጥሎት ይሄዳል መሰለሽ፤ እኔ በዚያ ድንጋይ ሁለት ጎማ ከስሬያለሁ።